ቦታ የለም የተባለበት ዲስክ

እትዬ አገርነሽ ከእንጦጦ ራጉኤል በታች፣ ከእህታቸው ጓሮ ቤት፣ ታክሲ እየቀያየሩ ጉርድ ሾላ ድረስ የሚመጡት ለስብከቱ ብቻ አልነበረም። አምልኮው አብቅቶ ምእመኑ ሲበተን እሳቸው ወደ ሚዲያ ክፍሏ ይወጣሉ። የክፍሏ አገልጋይ ጸጋ ወንበር ትስብላቸውና ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ ታደርግላቸዋለች። ከዚያ ልጃቸው ዮፍታሔ ይናገራል። ፍሬን የበጠሰ ገልባጭ መኪና ኮተቤ መንገድ ላይ እሱን ከመግደሉ በፊት፣ መድረክ ላይ ቆሞ የሰጠው ምስክርነት ነው። መሃል ላይ ሳቅ ያመልጠውና «እማዬ ያው እዚያ ተቀምጣ እየተቆጣችኝ ነው» ይላል። እዚህ ሲደርስ እትዬ አገርነሽ ሁልጊዜ «ውሸታም!» ይላሉ፤ ጆሯቸው ስለተሸፈነ ጮክ ብለው።

ከዚህ ሌላ የልጃቸው ድምፅ የትም የለም። ጸጋ በፍላሽ ልገልብጥልዎት ብላቸው ነበር።

«ማጫወቻውን ከየት አመጣለሁ ልጄ? እዚሁ ይቀመጥልኝ። ከእግዚአብሔር ቤት ማን ይነካዋል?» አሏት።

ቤታቸውም የነበረው እዚያው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ማዶ ነው። ቦታው ለልማት ይፈለጋል ተብለው ተነሡ። ልማቱ ግን መንገድ የጠፋው ይመስል እስካሁን አልደረሰም፤ ግቢው በቆርቆሮ ታጥሮ ሣር ያበቅላል።

የባቡሩ ሐዲድ ሥራ መገናኛን አቧራ ባለበሰበት ዓመት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከውጭ ሰባኪ ጋብዛ ትልቅ ኮንፈረንስ አሰናዳች። በዋዜማው የተቀረጸው ሁሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ሞልቶ አልቀበልም አለ። ሰርቨሩን የተከለው በትርፍ ጊዜው ሚዲያ ክፍሏን የሚያግዘው ጌድዮን ነው። ሰርቨሩ በሚሠራበት ፕሮግራም፣ በሊኑክስ፣ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህንንም የሰማነው ከራሱ አፍ ነው።

«የድሮ ምስክርነቶቹን እናጥፋ» አለ።

«መጀመሪያ ዲስኩን በደንብ እንየው» አለች ጸጋ።

«አይቼዋለሁ እኮ! መቶ ፐርሰንት ፉል ነው። ስፔስ የለም ማለት የለም ነው።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ፍሥሐም «እንግዳው ነገ ይገባል፤ የድሮ ምስክርነት ማን ይሰማዋል?» ብለው ነገሩን ዘጉት። ጸጋ ሁሉንም ልትገለብጥ ሃርድ ዲስክ ለመዋስ መገናኛ ሮጠች። ስትመለስ ጌድዮን አጥፍቶ ጨርሷል። የዮፍታሔን ብቻ እንኳ ስልኬ ላይ አድርጌ ብወጣ ምን ነበረበት እያለች እስካሁን ራሷን ትረግማለች።

እሑድ እትዬ አገርነሽ ወደ ክፍሏ ሲወጡ፣ የዮፍታሔ ምስክርነት እንደተሰረዘ፣ የተሰረዘውም ቦታ ጠፍቶ እንደሆነ ነገረቻቸው። ያነሡትን ሄድፎን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

«ቦታ ከሌለማ ምን ታደርጊ። ለወንጌል ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ክፍሏ አልወጡም።

የኮንፈረንሱ ቪዲዮ ብዙም ሳይቆይ ሰርቨሩን እንደገና ሞላው። ጌድዮን ለመስክ ሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ ጸጋ ራሷ ተቀመጠች። ፋይሎቹ ያሉበት ክፍል ምን ያህል እንደሞላ ሳይሆን፣ ዲስኩ ጠቅላላ ምን ያህል እንደሆነና ለማን እንደተሰጠ ሰርቨሩን ጠየቀችው። ግማሹ ለማንም አልተሰጠም። ጌድዮን ሲተክለው ለጊዜው ይበቃል ብሎ ግማሹን ብቻ መድቦ፣ ቀሪውን ሳይመድብ ትቶ ረስቶታል። የሞላው እሱ የመደበው ክፍል እንጂ ዲስኩ አልነበረም። አንድ ትእዛዝ ጻፈች፤ ባዶው ተጨመረ። ሌላ ትእዛዝ ጻፈች፤ የፋይሎቹ ክፍል እስከ ጥጉ ሰፋ። ሰርቨሩን ማጥፋት እንኳ አላስፈለገም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የጠፉትን ለመመለስ ያልሞከረችው ዘዴ የለም። ግን ዮፍታሔ በነበረበት ቦታ ላይ እንግዳው ሰባኪ ተጽፎበታል። ጸጋ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ባሰባት።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ፍሥሐ መድረክ ላይ ወጥተው «ወንድማችን ጌድዮን ሰርቨራችንን ያለ ምንም ወጪ አሰፋልን» ሲሉ ጉባኤው አጨበጨበ። ከመስክ የተመለሰው ጌድዮንም እኔ አይደለሁም አላለም፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ጭብጨባውን ተቀበለ። ጸጋ ደጅ ላይ ጋሽ ፍሥሐን ይዛ እውነቱን ብትነግራቸው ግራ ቀኝ አዩ።

«ሆድ ይፍጀው ልጄ። እትዬ አገርነሽ አንዴ ተጽናንተዋል፤ ቁስል ምን ያነካካሻል?»

ሆዷ ግን አልፈጀውም። እትዬ አገርነሽን ከቆርቆሮው አጥር ሥር ደረሰችባቸው።

«እትዬ፣ ሳላውቅ ዋሽቼዎታለሁ። ቦታ ነበረ። ግማሹ ባዶ ነበር።»

«ባዶ?»

«አዎ።»

«ማንም አልነበረበትም?»

«ማንም።»

እትዬ አገርነሽ አጥሩን አዩት። ሣሩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቅ ብሏል።

«ቤቴን ሲያፈርሱት አላለቀስኩም» አሉ። «አገር የፈለገው ቦታ ነው አልኩ። ስለ ልጄም ስትነግሪኝ አላለቀስኩም፤ ቦታ የለም ስላልሽኝ። ያንን ይዤ ነው የቻልኩት። አሁን ምን ይዤ ልቻለው?»

መልስም ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ታክሲው ሄዱ።