መቶ ሜትር

ዳኛው ፋሪስን በዋስ ሲለቁት ትዕዛዙን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ክሱ ውሳኔ እስኪያገኝ ወደ ነሲማ ቤት መቶ ሜትር እንዳይጠጋ፣ እንዳይደውልላት፣ ሽማግሌም እንዳይልክባት። ነሲማ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በግራ እጇ ተቀበለች። ፋሪስ ቀኝ እጇን በራሷ መቀስ የወጋት በተፋቱ በሁለተኛው ወር ነበር። ጅማቷ ተበጥሶ ሦስት ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋል። አሥራ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍታ ያደረች ሴት አሁን የገዛ ቀሚሷን መቆለፍ ይቸግራታል።

የፋሪስ እናት ሐጃ ናዝራ የሚኖሩት በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከነሲማ ጋር በአንድ ቅያስ ነው። ትዕዛዙን ሊያደርስ የመጣው ሳጅን ለገሠ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ በእርምጃ ለካው። ሠላሳ አንድ ሆነ።

«እህቴ፣ መቶ ሜትር ከተባለማ እናቱም ቤት መግባት አይችልም» አላት። «ከመጣ ደውይልኝ።»

ፋሪስ ሸዋ በር አካባቢ ቤት ተከራየ። ሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፋ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ጁምዓ ተሰግዶ ሰው ሲበተን፣ ወደ እናቱ ቤት ሲገባ በመስኮት አየችው። ደወለች። ሳጅኑ እስኪደርስ ሄዷል። በሚቀጥለው ጁምዓም እንደዚያው ሆነ።

ወረቀቷን ይዛ ሐጃ ናዝራ ዘንድ ሄደች።

«ሐጃ፣ ለአላህ ብለው ይከልክሉልኝ። ሌላ ቦታ ያግኙት።»

«የወለድኩትን ከደጄ ላባርር?» አሉ ቀና ብለው ሳያዩዋት። «እናቱን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው። አንቺን ምን አለሽ?»

ጎረቤቱም «እሷ ለምን ዘመድ ጋ አትሄድም?» ይል ጀመር። ቤቱ ግን ከአባቷ የወረሰችው ነበር።

ምስክርነት ልትሰጥ አራት ቀን ሲቀራት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ ፋሪስ መጣ። እናቱ ሻይ ቢቀዱለትም አልተቀመጠም።

«ነሲማን ላናግራት ነው» አለ። «ክሱን ከተወች ተወች። እምቢ ካለች ፍርድ ቤት አትደርስም።»

ሐጃ ናዝራ በወገቡ የሻጠውን ቢላዋ አዩ። ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። ፋሪስ በትከሻቸው ይዞ ወረወራቸው። የድንጋዩ ደረጃ ላይ ሲወድቁ ዳሌያቸው ተሰበረ። ወድቀው ሳለ የጮኹት ግን የልጃቸውን ስም አልነበረም።

«ነሲማ! በርሽን ዝጊ! ዝጊ!»

ነሲማ መወርወሪያውን ከማስገባቷ ፋሪስ በሩን በእርግጫ ይለው ጀመር። በጀርባዋ በሩን ደግፋ ወደ ሳጅኑ ስትደውል ስልኩ ሁለት ጊዜ ከእጇ ወደቀ። ጩኸቱን የሰሙ የሰፈሩ ወንዶች ፋሪስን ይዘው ቢላዋውን አስጣሉት። ሳጅን ለገሠ እስኪደርስም እጁን አስረው ጠበቁ።

ዋስትናው ተሰረዘ። ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ሐጃ ናዝራ በክራንች መጥተው የመሰከሩት በአጭሩ ነበር፤ «ቢላዋውን አይቻለሁ። ያለውንም ሰምቻለሁ።»

ከችሎት ሲወጡ ነሲማ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ልጄ ነፍስ አጥፍቶ አላህ ፊት እንዳይቆም ነው። ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ነሲማ ወደ መዝገብ ቤት ገብታ ትዕዛዙ ምን እንደሚሆን ጠየቀች።

«በፍርዱ አብቅቷል» አለች ጸሐፊዋ። «ሲፈታ እንደገና ታመለክቻለሽ።»

«መፈታቱን ማን ይነግረኛል?»

ጸሐፊዋ መዝገቡን ዘጋች። «አንድ ሰፈር አይደላችሁ? ትሰሚያለሽ።»

በዚያው ወር ነሲማ የአባቷን ቤት አከራየችና ከኤረር በር ውጭ አንዲት ክፍል ይዛ ገባች።