በባከነ ሰዓት የገባች ጎል

«ያጽናዎት፣ አባባ» የሚል ድምፅ ከበሩ ሲሰማ፣ አናጢው ቀና ሳይል የድምፁን ባለቤት አወቀው። መልኩን አይቶት አያውቅም፤ ድምፁን ግን የማያውቅ የለም። በየሳምንቱ ኳስ በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ሰውዬ ነው።

«ይሄ ደግሞ ከሚስትህ ጋር ምን አገናኘው?» ብላ የአናጢው እህት ሹክ አለችው።

እሱም አልገባውም። ልቧ ድንገት ቀጥ ብሎ የሞተችው ሚስቱ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበረች፤ ከኳስ ጋር ዓይንና ናጫ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጨዋታ ሲጀመር ሬዲዮውን ከፍ ታደርግ ነበር።

«አንቺ ደግሞ ኳስ መቼ ጀመርሽ?» ሲላት፣

«ኳሱን ማን ሰማው? ድምፁን ነው» ብላ ትስቅ ነበር። እንደ መቅናት ያደርገው ነበር።

እንግዳው ወንበር ቢሰጠውም አልተቀመጠም። «ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ ነበረብኝ፤ ንግግር ከሚያዘው ቦታ ጎን። ምላሴ መተሳሰር ጀምሮ ነበር» አለ። የቀረውን፣ የሟች ረዳት የነበረችው ወጣት ሐኪም ተቀበለችው።

«ዕጢውን አወጣን። በዓይን የሚታይ ምንም አልቀረም። ዝለናል፤ ‹እንዝጋ› አልናት። ‹ዓይን ይሸነግላል› አለች። ጭንቅላቱ ሳይዘጋ፣ በሰመመን እንዳለ፣ አልጋውን ገፍተን ጎን ያለው ኤምአርአይ ውስጥ አስገባነው። ምስሉ ሲመጣ፣ ባቄላ የምታህል ቁራጭ ጥጉ ላይ ተወሽቃለች! አንጋፋው ባልደረባችን ‹እሷን ከነካን ድምፁ ይሄዳል› አሉ። ‹ከተውናት እሱ ራሱ ይሄዳል› አለችና ምስሉን እያየች ገባች። ቁራጯን አወጣቻት። ምስሉን ደግመን አነሳን። ንጹሕ!»

«ስነቃ አጠገቤ ነበረች» አለ ሰውዬው። «‹እስኪ የሆነ ነገር በል› አለችኝ።»

«ምን አልካት?» አለ አናጢው።

ሰውዬው ደረቱን ነፋ። «በባከነ ሰዓት... ጎ...ል!»

መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው እህትየው ናት፤ ከዚያ ልቅሶ ቤቱ በሙሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

«ይቺ ሴትዮ! ለእኔ እንኳ ሳትነግረኝ!» አለ አናጢው፣ ፊቱ በኩራት በርቶ።

«የበሽተኛ ምስጢር አውጥታ አታውቅም» አለች ረዳቷ።

አናጢው ተነሳ። «እስኪ ጎንበስ በልልኝ፣ ልጄ» አለው። ሰውዬው ጎንበስ አለ። አናጢው ፀጉሩን በጣቶቹ ከፈል አድርጎ የስፌቱን ጠባሳ አገኘ፤ የተጋጠመ እንጨት እንደሚፈትሽ፣ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብሎ ዳሰሰው። «ጎበዝ» አለ፣ ለሚስቱ።