ወፍ የተከለችው ማንጎ

ባጃጁ ማሳው ዳር በቅጡ ሳይቆም ነው እትዬ ሸዋወርቅ ዘለው የወረዱት። ጫምሳ አካፋውን ጥሎ ሊሸሽ ዞር አለ፤ ግን የቆቃ ሜዳ ላይ የት ይደበቃል? ከሽንኩርቱ ከፍ ያሉት የማንጎ ችግኞቹ ብቻ ናቸው። እነሱም ከጉልበቱ አይበልጡም፤ ደግሞም ጠቡ በእነሱው ነው።

መሬቱ የሴትዮዋ ነው። እሳቸው አዳማ ይነግዳሉ፣ ጫምሳ እዚህ ያርሳል፣ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ፤ ውሉ በየዓመቱ ይታደሳል። ሽንኩርት የዘራ ሰው ነቅሎ ይሄዳል። ዛፍ የተከለ ግን ነገ «መሬቱ የኔ ነው» ማለቱ አይቀርም ብሎ አገሬው ያምናል።

«አንተ ጫምሳ! ይሄ ምንድን ነው?»

«አካም ጂርቱ፣ እትዬ! ቤተሰብ ደህና?»

«ሰላምታህን ያዝልኝ! ማነው የተከለው?»

የጫምሳ ምላስ ከጭንቅላቱ ይቀድማል። «ወፍ ናት» አለ።

«ወፍ?»

«ከሐይቁ ማዶ የምትመጣ ናት። ክንፏን ስትዘረጋ አዳማ በቀን ይጨልማል። ማንጎዋን በልታ ፍሬውን እዚህ ጣል፣ እዚያ ጣል...»

እትዬ ሸዋወርቅ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ረድፉን አነጣጠሩበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሏል።

«ሲባጎ ወጥራ የምትለካ ወፍ ናታ!»

ሽንኩርት የምታርመው ሚስቱ ቢሊሴ ሳቋ አመለጣት። «እውነቱን ንገራቸው እንጂ፣ ልታስባርረን ነው?»

«እሺ፣ ነፋሱ ነው እትዬ። በበጋ አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል። አምናማ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ደውለው ‹ዕቃህ ደርሷል፣ ና ውሰድ› አሉኝ።»

«ጫምሳ!»

«ዛፍ ነፋሱን ይሰብረዋል ብዬ ነው። ሽንኩርት ዋጋው ሲወድቅም ማንጎው ይደግፈናል፤ እሱንም እኩል እንካፈላለን።»

«በስንት ዓመቱ ያፈራል?»

እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀበት። «በአራት» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ውላችን የአንድ ዓመት! አራት ዓመት ተቀምጠህ፣ ልጆችህ ‹አባታችን የተከለው ነው› ሊሉኝ? ዛሬውኑ ንቀል! እምቢ ካልክ አንተኑ ከመሬቱ እነቅልሃለሁ!»

ጫምሳ የመጀመሪያውን ችግኝ ከነአፈሩ አወጣው። ልቡ አብሮ የተነቀለ መሰለው። ቢሊሴ ግን ብድግ አለች።

«ከመጣልዎ በፊት እትዬ፣ ለምን እርስዎ አይተክሉትም? በእጅዎ የተከሉትን ማን የኔ ነው ይላል?»

ጫምሳ ዓይኑ በራ። ወደ አጎራባቹ ማሳ ዞሮ ጮኸ፦ «ጎረቤት! ኑ ምስክር ሁኑ! ባለመሬቷ ዛፍ ሊተክሉ ነው! እኔ ውሃ አጠጪ ብቻ ነኝ!»

የጎረቤት አራሚዎች ሁሉ ቀና ቀና ብለው ተሰበሰቡ። ጫምሳ ችግኙን በሁለት እጁ ለባለመሬቷ ዘረጋላቸው። እትዬ ሸዋወርቅ ሥሩን አዩ፣ የተሰበሰበውን ሰው አዩ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ችግኙን ጉድጓዱ ውስጥ መልሰው አፈሩን በመዳፋቸው ጠቅጠቅ አደረጉና ወደ ሁለተኛው ችግኝ ዞሩ።

«ቀጣዩን ንቀል» አሉት እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ሥሩን ግን እንዳትበጥስብኝ!»