ከቀዩ ድልድይ በስተግራ

«አሁን ከቀዩ ድልድይ ፊት ለፊት ቆመዋል። ለአፍታ ዝም ይበሉና የወንዙን ድምፅ ያዳምጡ።»

ጸደንያ ይህን ያነበበችው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተቀምጣ ነው። በቀሚሶቿ መሃል የተንጠለጠለው ማይክራፎን አፍንጫዋን ሊነካት ምንም አልቀረውም። «ያዳምጡ» ብላ ሳትጨርስ ከላይኛው ፎቅ ድሪሉ ተነሳ። ግድግዳው ነዘረ፤ የልብስ መስቀያዎቹ እርስ በርስ ተንኳኩ። ብርድ ልብሱን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጣለችና «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷም አብሮ ተቀረጸ።

ሥራውን ያመጣላት ሕዝቅኤል ነው። ድሮ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ አብረው ሠርተዋል። ጣቢያው ሲዘጋ እሱ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አነስተኛ የድምፅ ስቱዲዮ ከፈተ፤ እሷ ማስታወቂያ እያነበበች መኖር ጀመረች። ጃፓን አገር ተራራ ላይ ያለች ካሚሳዋ የምትባል ጥንታዊ ከተማ በየዓመቱ የተራራ ሩጫ ታዘጋጃለች። የኛ ሯጮችና አሠልጣኞች ስለሚሄዱባት፣ ጎብኚ በስልኩ እያዳመጠ የሚዞርበት ማብራሪያ በአማርኛም እንዲኖር የከተማዋ ሰዎች ፈለጉ። ጸደንያ ጽሑፉን ስትተረጉም ደስ ብሏት ነበር። ጥቁር የእንጨት ቤቶች የተደረደሩበት የነጋዴዎች መንገድ፣ ሴቶች ፖምና የኮመጠጠ አትክልት የሚሸጡበት የወንዝ ዳር የጠዋት ገበያ፣ ጠጅ ቤቱ ለደንበኛ «አዲሱ ጠጅ ደርሷል» ለማለት በር ላይ የሚሰቅለው የጥድ ቅጠል ኳስ፣ ፍል ውሃው፣ ደን ውስጥ ያለው ቤተ መቅደስ። እንኳን ጃፓን፣ ከአገር ወጥታ አታውቅም። ቢሆንም ከተማዋን በሐሳቧ ስትመላለስባት ከርማ መንገዱን የለመደችው ይመስላት ነበር።

ችግሩ የመጣው ንባቡ ላይ ነው። የሕዝቅኤል ሕንፃ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ስቱዲዮው መብራት የለውም። «ቤትሽ ቅረጪው፣ ምን ችግር አለው?» አላት። መጀመሪያ የላከችለትን ሰምቶ ደወለ።

«ጸዲ፣ ቤተ መቅደሱ ጋ ስትደርሺ አንድ የታክሲ ረዳት ‹ሜክሲኮ በሳር ቤት› እያለ ይጣራል።»

«ከበሩ ሥር ነው የሚጭኑት፣ ምን ላድርግ?»

«ፍል ውሃው ላይ ደግሞ ቁራሌው አለ።»

«ሰምቼዋለሁ ሕዝቅኤል!»

«እነሱ እኮ ጸጥታ ነው የሚፈልጉት። ሩጫው ደርሷል፤ ዛሬ ካልላክሽልኝ ሥራውን ይሰርዙብናል።»

እሷም መስኮቶቹን በፍራሽ ደፈነች፤ ማቀዝቀዣውን ነቀለች፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። አሁን ደግሞ ይኸው ድሪል። ጫማዋን ሳትቀይር በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወጣች።

አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሠራተኞች አቧራ ለብሰው የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ይሰብራሉ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ፣ ለቡ ላይ የፍራሽ መደብር ያላቸው ነጋዴ፣ የብሎኬት ስባሪ በእጃቸው ይዘው ተቀበሏት። መጥታ ከመናገሯ በፊት አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ጸደንያ። ረበሽናችሁ።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ መረበሽ ብቻ አይደለም! ሥራዬ በድምፅ ነው። ስንት ቀን ሙሉ ቤት ሲያፈርሱ...»

«በሩን ላሰፋው ብዬ ነው። ወንበሩ አልገባ ብሎ።»

ያን ጊዜ ነው ከኋላቸው ያየቻቸው። ባለቤታቸው እትዬ ሀኒፋ ኮሪደሩ ላይ በዊልቸር ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል። ክረምት ሲገባ እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧቸው ዳሌያቸው መሰበሩን ሰምታ ነበር፤ ጠይቃቸውም ነበር፣ አንዴ። ከዚያ ወዲህ ግን ደረጃ ላይ ስላላየቻቸው የተሻላቸው መስሏት ረስታዋለች። ያላየቻቸው ስለማይወርዱ መሆኑ አልታሰባትም።

ደረጃውን በቁጣ ወጥታ የምትቆጣው ሰው አጣች። ይህም ይበልጥ አበሳጫት።

«ምንድን ነው የምታነቢው?» አሉ እትዬ ሀኒፋ። «ወለሉ ስስ ነው፤ ‹በስተቀኝዎ፣ በስተግራዎ› ስትዪ እሰማለሁ። መኪና መንዳት የምታስተምሪ መስሎኝ ነበር።»

ጸደንያ ሳትወድ ፈገግ አለችና ነገረቻቸው። እሳቸውም ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ሸምሱ፣ ልጆቹ ሥራ አቁመው ምሳቸውን ይብሉ። ፍራሽ ያለበት ክፍል ውስጥ ታንብብ።»

ከመደብሩ የተረፈ ዕቃ በሙሉ የታጎረው እዚያ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ስፖንጁ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሮ መስኮቱን ሳይቀር ሸፍኖታል። ጸደንያ ገብታ አንዴ አጨበጨበች። ድምፁ እዚያው ሞተ። ከሬዲዮ ጣቢያው ወዲህ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም።

«እኔም ልግባ?» አሉ እትዬ ሀኒፋ። «ትንፍሽ አልልም።»

እምቢ ማለት አልቻለችም። ጋሽ ሸምሱ ወንበሩን ገፍተው አስገቡና በሩን ዘጉባቸው። ሙቀቱ ያፍናል። ጸደንያ ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች ስለ በረዶ አነበበች። ድልድዩን ጨረሰች፤ ገበያውን ጨረሰች፤ ጠጅ ቤቱንም አለፈች። ድምፅዋ እንደ ድሮው ተስተካክሎ ሲፈስ ለራሷም ታወቃት። እትዬ ሀኒፋ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ቤተ መቅደሱ ጋ ደረሰች።

«ወደ ቤተ መቅደሱ የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ረጅም ነው። ደረጃ መውጣት ለማይችሉና በዊልቸር ለሚሄዱ ጎብኚዎች ከቀዩ ድልድይ በስተግራ ያለ ዳገታማ መንገድ ተዘጋጅቷል። እርሱም ያለ ደረጃ እስከ...»

«ምን?» አሉ እትዬ ሀኒፋ።

ጸደንያ ዓይኗን ጨፈነች። መቅረጫውን አቆመችው። «እትዬ ሀኒፋ፣ ትንፍሽ አልልም ብለው ነበር።»

«ይቅርታ የኔ ልጅ። አሁን ያልሽውን ድገሚልኝ። ለማን ነው መንገዱ?»

ደገመችላቸው።

«ተራራ ላይ?»

«ተራራ ላይ።»

እትዬ ሀኒፋ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፎጣ ይዘው ጠመዘዙት። «እኔ ከሆስፒታል ስመጣ በብርድ ልብስ ተሸክመው ነው ያወጡኝ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መሬት አልረገጥሁም። ታች ያለው ሱቅ እንኳ ቀለም ተቀባ ሲሉኝ እሰማለሁ እንጂ አላየሁትም። እነሱ ለጎብኚ፣ አንድ ቀን አይቶ ለሚሄድ ሰው፣ ተራራውን ቆፈሩለት።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ዛሬ መውረድ እፈልጋለሁ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ! አንብበሽ ጨርሺና ለሸምሱ ንገሪው።»

ጨረሰች። የቀረውን በችኮላ አነበበችው። ከክፍሉ ሲወጡ እትዬ ሀኒፋ ራሳቸው ተናገሩ። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ አይሆንም አሉ፤ ከዚያ የሚስታቸውን ፊት አይተው ሠራተኞቹን ጠሩ። ምሳቸውን የጨረሱት ሁለቱ ሠራተኞች ወንበሩን በሁለት ወገን ያዙ፤ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ ሆነው፣ ጸደንያ ከፊት የእትዬ ሀኒፋን እግር ደግፋ፣ ደረጃ በደረጃ ወረዱ። እትዬ ሀኒፋ ጥርሳቸውን ነክሰው ግድግዳውን ትክ ብለው ያያሉ። ሦስተኛውን ፎቅ አለፉ።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ግን ትልቅ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤት በንቲ ውሃ እየጠፋ ሲያስቸግረው ያስቀመጠው ነው። ሰው በጎኑ ሾልኮ ያልፋል። ወንበር አያልፍም። ወንበሩን አዘንብለው ሞከሩ፤ እትዬ ሀኒፋ «ዳሌዬ!» ብለው ጮኹ። ሮቶውን ሊገፉት ሞከሩ፤ እስከ አፉ ሞልቷልና ንቅንቅ አላለም። ሊያፈሱት ፈለጉ፤ ቧንቧው በቁልፍ ተቆልፏል። ለበንቲ ደወሉለት። ሥራው ሐዋሳ ልኮታል።

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው» አለ በስልክ። «ደግሞም ጋሽ ሸምሱ፣ ውሃ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ደፍታችሁት ውሃው ሲጠፋ ልጆቼ ምን ይጠጡ?»

እሱም አላጠፋም። ጸደንያ ስልኩን ከጋሽ ሸምሱ ነጥቃ ልትሰድበው አስባ ምን ብላ እንደምትሰድበው አጣች።

በደጁ መውጫ በኩል የግቢው ብርሃን ይታያል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል። እትዬ ሀኒፋ መታጠፊያው ላይ ተቀምጠው ያንን ብርሃን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«መልሱኝ» አሉ በመጨረሻ።

መውጣቱ ከመውረዱ የባሰ ነበር።

ጸደንያ ንባቡን ለሕዝቅኤል ላከችለት። ብዙም ሳይቆይ ደወለ። «ግሩም ነው! የት ቀረጽሽው? አንድ ነገር ብቻ አለ። ስለ ዊልቸሩ የሚለውን ቀይሪው።»

«የቱን?»

«በስተግራ ያለውን መንገድ። ጎርፍ ወስዶታል፤ ተዘግቷል አሉ። ‹መንገዱ ለጊዜው በጥገና ላይ ነው፤ በመጋቢት ይከፈታል› ብለሽ ቀይሪው።»

ጸደንያ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። መቅረጽ የምትችለው እዚያው ፍራሽ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ለእትዬ ሀኒፋ ይህንን እንዴት ትንገራቸው? ያቺው አንዲት መንገድ እንኳ ትፍረስ? በማታውቀው ጎርፍ ተናደደች። በጃፓኖቹ ተናደደች። ከዚያ ወጣችና ነገረቻቸው።

እትዬ ሀኒፋ ሻይ እየጠጡ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«እነሱም ፈረሰባቸው?»

«ፈረሰባቸው።»

«መቼ እንጠግናለን አሉ?»

«በመጋቢት።»

«በመጋቢት።» ወሩን በአፋቸው አገላበጡት። «ቀን ቆርጠዋላ። የፈረሰባቸው ሰዎች ቀን ቆርጠዋል። ለኔ ግን ቀን የቆረጠልኝ ሰው የለም።»

ጸደንያ አዲሷን ዓረፍተ ነገር ቀረጸች፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ብሎኩ ማኅበር ሰብሳቢ ወደ ወይዘሮ ትሩፋት ቤት ሄደች። ወይዘሮ ትሩፋት በቅርቡ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በሩን ሲከፍቱ ከወገባቸው ሽንኩርት የሚከትፉበት ሽርጥ አልወለቀም።

«ስለ ሮቶው ነው የመጣሁት።»

«ሰምቻለሁ፣ ያሳዝናል። እናየዋለን።»

«መቼ?»

«በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እናስይዘዋለን።»

«ስብሰባው መቼ ነው?»

«ገና አልተወሰነም። አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ አትጠይቂኝ። በንቲም እኮ መብት አለው፤ ውሃ በሌለበት አገር...»

«የበንቲን መብት አልነካሁም። ሮቶው ታች ግቢ ውስጥ ይቀመጥለት፤ ማኅበሩ ሽፋን ይሥራለት። እኔ የምፈልገው ቀን ነው። አንድ ቀን ይንገሩኝ።»

«እንዴ! እንዲህ ቆመሽ ቀን ልታስቆርጪኝ ነው?»

«አዎ» አለችና ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋን ለዓመታት በሰላምታ ብቻ ነው የምታውቃቸው። ወይዘሮ ትሩፋት ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ፤ ወጡ ሸተተ፤ ባላቸው ገብተው ሰላም ብለዋት ግራ ተጋብተው ሄዱ። ጸደንያ አልተነሳችም። በመጨረሻ ወይዘሮ ትሩፋት ቢላዋውን አስቀምጠው ስልካቸውን አነሱ።

«በንቲ፣ መቼ ነው የምትመለሰው? ... እሁድ ሮቶው ታች ይወርዳል። ... አይ፣ እኔ ነኝ የምልህ። ... ይኼን ከኔ ጋር አትከራከር፣ እዚህ ቤቴ የማትወጣ ሴት ተቀምጣለች።»

እሁድ ሮቶው ወረደ። በንቲ ራሱ ቁልፉን ይዞ መጥቶ ውሃውን ለጎረቤቱ በባልዲ አከፋፈለ፤ እያጉረመረመ ቢሆንም ከሸክሙ አልሸሸም። እትዬ ሀኒፋን ሁለቱ ሠራተኞች፣ በንቲና ጋሽ ሸምሱ አራት ሆነው አወረዷቸው። እሳቸውም ከብሎኩ ጥላ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀመጡ፤ ቀለም የተቀባውን ሱቅ አዩ፤ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አዩ፤ የሚያውቋቸው ሴቶች እየመጡ ጉንጫቸውን ሳሙ። ጋሽ ሸምሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሷቸው። ጸደንያ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደስ ይላቸዋል ብላ ጠበቀች።

ከሰዓት ሆነ። በንቲ ወደ ቤቱ ገባ። ከሠራተኞቹ አንዱ የበሩ ሥራ ስለተጠናቀቀ ነገ ለቡ ሌላ ሥራ እንዳለው ነግሮ ተሰናበተ። እትዬ ሀኒፋ ሰውየው በግቢው በር ወጥቶ እስኪሰወር በዓይናቸው ተከተሉት፤ ከዚያ ወደ ደረጃው ቀና አሉ። ደረጃው እንደ ነበረው ነው።

«ነገስ?» አሉ። «ነገ መውረድ ብፈልግ ማንን ነው የምጠራው?»

ጋሽ ሸምሱ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። እትዬ ሀኒፋም ፎጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው፣ ፊታቸውን እንደ ተቆጣ ሰው ከስክሰው፣ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ድረስ ከግቢው አልንቀሳቀስም አሉ።