ከጉድጓድ የወጣው ጢማም ፊት

አጵሎስ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ደረቱ ድረስ ካወረደ በኋላ ዶማውን አቆመ።

"እትዬ አጸደ፣ እዚህ ሰው እያየኝ ነው።"

ያወጣው መዳፍ የምታክል የሸክላ ስባሪ ነበረች። ግራጫ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረች፣ ዳሯ ላይ ሰማያዊ አበባ የተሳለባት። መሃሏ ላይ የተቀረጸ ጢማም ፊት አፍጥጧል። አጸደ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጇ ሉሲ ቤት ውስጥ የመውለጃ ቀኗን እየጠበቀች ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አጥታለች። ሰዉ "የእግዜር ሥራ ነው" ሲል አጸደ "የሰው እጅ አለበት" ብላ ድርቅ ያለች ናት። ይኸው፣ እጁ ባይገኝ ፊቱ ተገኘ።

ጎረቤቷ ሽማግሌው ኦቦ ጂሬኛ ከአጥሩ በላይ አይተው ሳቁ።

"ይሄማ ድሮ እዚህ የነበረው ጀርመን መካኒክ ቢራ የሚቀዳበት ማንቆርቆሪያ ነው። አባቴ ዘበኛው ነበር።"

"ጀርመን መተት አያውቅም ያለዎት ማነው?"

"ቢያውቅማ መጀመሪያ እኔን ይይዘኝ ነበር። ስንቱን ቢራውን ሰርቄ ጠጥቻለሁ።"

አጸደ አልሳቀችም። "ድፈነው" አለችው አጵሎስን።

"ሁለት ቀን የቆፈርኩትን?"

"ድፈነው አልኩህ።"

ደንቃራ እንዴት እንደሚጣል ታውቃለች። በእጅ አይነካም። በጨርቅ ይዞ፣ ሳይናገሩ፣ መንታ መንገድ ላይ ጥሎ፣ ዞር ሳይሉ መመለስ ነው። መጀመሪያ የተሻገረው ይዞት ይሄዳል። ማን እንደሚሻገረው አላሰበችም፤ ምን ቸገራት። ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የሰፈሩ ኮረኮንች ወደ ሰበታ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጣለችውና ተመለሰች።

ሉሲን የበሩን መቃን ይዛ ቆማ አገኘቻት።

"እማ፣ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ።"

ኦቦ ጂሬኛ ባጃጅ ጠርተው አብረው ገቡ። ባጃጁ ቁልቁለቱን እየተንገጫገጨ ወረደ። መንታ መንገዱ ከሩቅ ሲታያት አጸደ የባለባጃጁን መቀመጫ ጨመደደች። ወደ ጤና ጣቢያው ሌላ መንገድ የለም። መንገዱ ላይም ሰው አይታይም። መጀመሪያ የምትሻገረው የገዛ ልጇ ናት።

"አቁም።"

"ማዘር፣ ልትወልድብኝ እኮ ነው" አለ ባለባጃጁ።

"አቁም አልኩህ!"

ወርዳ ሮጠች። ጨርቁ በነፋስ ተገልጦ ፊቱ ወደ ሰማይ አፍጥጧል። ጨርቁን ረስታ በባዶ እጇ አነሳችው። ቀዘቀዛት።

"እኔን ያዝ" አለችው። "እሷን ተዋት።"

ከመንገዱ ወጥታ ባጃጁን በእጇ ምልክት አሳለፈችው። እሷ በእግሯ ተከተለች። ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ግን አልገባችም፤ ይዛው ወደ ሉሲ እንዴት ትግባ? ጥላው እንዳትገባ ደግሞ በዚያ በር የሚያልፈው ሁሉ እርጉዝ ነው። አጥሩ ስር ቆማ፣ ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ጨብጣው ቆየች።

ኦቦ ጂሬኛ ወጡ። "ሴት ናት። እናትየዋም ደህና ናት። ምን ይገትርሻል?"

"እጄ ላይ ነው ያለው።"

ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘረጉ። "አምጪው። ቢራውን የጠጣሁት እኔ ነኝ።"

"እርስዎን ቢይዝዎስ?"

"በዚህ ዕድሜዬ ምኔን ሊይዘው?"

ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ ሽማግሌው አንድ በአንድ አላቀቁላት። ስባሪውን ኪሳቸው ከተው ቁልቁል ወረዱ።

አጸደ ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። የጢሙ ቅርጽ መዳፏ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ልትገባ ስትል ግን አላስቻላትም፤ ዞር ብላ፣ ደንቃራው እግራቸውን ይይዝ እንደሆን፣ የሽማግሌውን እርምጃ እያየች ቆመች፣ እስኪታጠፉ ድረስ። አላነከሱም።