የሻይ ማፍያው

«ክቡራትና ክቡራን፣ ክሊፎርድ ተጫውቶ ሳይጨርስ የሻይ ማፍያውን ማንም እንዳይሰካ!» አሉ ሚስ ፔንድልበሪ፣ ጦርነት መታወጁን እንደሚያረዳ ሰው።

በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር የባሕር ዳርቻ፣ በአሮጌው ሲኒማ ቤት የተሰበሰቡት የኦርጋን ወዳጆች በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ማፍያውና ለኦርጋኑ ቧንቧዎች ነፋስ የሚሰጠው ሞተር አብረው ከሠሩ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሚስ ፔንድልበሪ ወደ ኦርጋን ተጫዋቹ ወደ ክሊፎርድ ጠጋ አሉ። «ስማ፣ ዛሬም የዳንስ ቤት ዘፈን ብትነካ ከኦርጋኑ ወንበር ለመጨረሻ ጊዜ ትነሣለህ። አባሎቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

«እሜቴ፣ ኦርጋኑ እኮ ለዘፈን የተሠራ ነው።»

«እሜቴ አትበለኝ!»

ክሊፎርድ ወርዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ እንደ ሲኒማ ቤቱ የድሮ ልማድ፣ በማንሻው ከነኦርጋኑ ከወለሉ ሥር ወደ መድረኩ ብቅ አለ። ሁለት የሰልፍ ዜማ ተጫወተ። ጀርባውን ለአዳራሹ ስለሚሰጥ የሰዎቹን ፊት ባያይም፣ አንዱ ሲያንኮራፋ ሰማ። ዕድሜውን የፈጀበት ወንበር ነው፤ ከተነሣሁም በዘፈን ልነሣ አለ። አባላቱ በወጣትነታቸው በየዳንስ ቤቱ ይሰማ የነበረውን ዘፈን ለቀቀው። አዳራሹ በኦርጋኑ ድምፅ ተናወጠ፤ ሰው የጎረቤቱን ድምፅ እንኳ መስማት አልቻለም። ክሊፎርድ ቁጣቸውን በጀርባው ጠበቀ።

ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ የምታፈላው ሞሪን ወገቧን እያወዛወዘች፣ ማስጠንቀቂያውን ረስታ፣ ማፍያውን ሰካችው።

ኦርጋኑ ቀጥ አለ። ዘፈኑ ግን አልቆመም፤ አዳራሹ በሙሉ አዝማቹን እየዘፈነ ነበር። ሰዎቹ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ አንድ በአንድ እያፈሩ ዝም አሉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን የጨፈኑት ሚስ ፔንድልበሪ ብቻ እየዘፈኑ ቀሩ፦

«አውቶቡሱ ሳይመጣ፣ አንዴ ደግመህ ሳመኝ...»