የፋብሪካ ጥይት አይከሽፍም

…የፋብሪካ ነው ብሏል ባለሱቁ ተረፈ፣ የጥይቷን ፓኮ ከጨው ጆንያ ሥር መዞ፣ ኦቦ ሞረዳ፣ ይሄ የገበያው ዓይነት ባሩድ እንደገና የተሞላበት ቀለህ መሰለህ እንዴ፣ ማኅተሙን እየው፣ አይከሽፍም፣ ከከሸፈ መጥተህ እኔን ተኩሰኝ፣ ከከሸፈ በምን ልተኩስህ አንተ ጅል፣ ይላል ሞረዳ በሆዱ፣ ከኮት ሥር ለሚመዘዝ ሽጉጥ ሁለተኛ ዕድል የለም፣ ስለዚህ ሞረዳ ይሞክራል፣ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ቁልቁል ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ ሰማዩ ባጓራ ቁጥር ይተኩሳል፣ ከተማው ነጎድጓድ ነው ይበል።

አንዱ ጉቶ ላይ ያነጣጥራል። ፈነዳ። እንደገና። ፈነዳ።

ደግ፣ ቅዳሜ ቀኛዝማች ተክለጻድቅ ከአኖ በአውቶቡስ ይመጣል፣ የአባቱን እርሻ በሐሰት ምስክር የነጠቀው ሰው፣ ሞረዳ ከዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ መጥቶ ችሎት ፊት አንቀጽ ሲጠቅስ፣ ካባውን ሰብስቦ፣ ምነው ልጄ ዲግሪህ ከሸፈ፣ ያለው፣ ዳኛው ሳይቀር የሳቀለት፣ ዛሬም ሞረዳ ዘርፈሽ ጠጅ ቤት ሲገባ ከማዶ ወንበር፣ ከሸፈ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት፣ ይላሉ። ያን የቀኛዝማቹን የሚስቅ ጥርስ በሐሳቡ ጉቶው ላይ ያስቀምጥና ቃታውን ይስባል።

ጠቅ።

ይጠብቃል። ምንም። ጥይቷን አውጥቶ ያያታል፣ ቂጧን መርፌው በደንብ ወግቷታል፣ እርጥበት ነው፣ ክረምት ነው፣ ብረት አያስብም። ሌላ ያቀባብላል፣ ቀኛዝማቹን እንደገና ያስባል፣ ጠቅ። መጀመሪያ የከሸፈችውን ከጭቃው አንስቶ ይጠርጋታል፣ ያጎርሳታል፣ ጉቶ፣ ጉቶ፣ ጉቶ ብቻ እያለ ይስባል።

ፈነዳች።

ወፎቹ ጸጥ። አባቱ ይሉት ነበር፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ጥይት ከከሸፈለት ሰው ጋር ታረቅ፣ ዋቃ፣ ፈጣሪ፣ እምቢ ብሎልሃል፣ ካልታረቅህ ጥይቷ ሥራ አትፈታም፣ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። የባላገር ወሬ፣ እሱ የተማረ ሰው ነው፣ የተማረ ሰው በሙከራ ያረጋግጣል፣ እንግዲያው ሌላ ሰው ጉቶው ላይ ያስቀምጥ፣ ማንን፣ ተረፈን፣ አይ ልጆች አሉት፣ ዳኛውን፣ ፊቱ ጠፍቶታል፣ የማይጠፋው ፊት አንድ ነው፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የሚላጨው፣ ያመጣዋል፣ ጉቶው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ተቀመጠ፣ ዐይኑን እንኳ አይሰብርም፣ አካም ቡልቴ ሞረዳ፣ እንዴት አደርክ፣ ይለዋል፣ በአባቱ ድምፅ።

ቃታውን ገና ሳይስብ ፈነዳ።

ጉቶው መሃል ለመሃል ተበስቷል። ሰማዩ አላጓራም፣ ከተማው ይሄን ሰምቷል፣ ይስማ። ሽጉጡን ኮቱ ሥር ይመልሰዋል፣ ብረቱ ገና ይሞቃል፣ ከጎድኑ ጋር እንደ ድመት ይለጠፋል፣ ተረፈ አልዋሸም፣ የፋብሪካ ነው፣ ቅዳሜም ሩቅ አይደለም፣ ወደ ቤት የሚወስደው ዳገት ግን ረጅም ነው፣ ሽጉጡ ውስጥ የቀረችው ጥይት ደግሞ ቅዳሜን የምትጠብቅ አትመስልም፣